ከላብ ወጣችሁ፤ አካውንታችሁስ ወጥቷል?

#አሶሳ #ቤኒሻንጉል_ጉሙዝ

አሳይመንት ለመሥራት ላብ ገባችሁ እንበል። ፋይሉ ያለው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ዌብ ከፍታችሁ ኪውአር ኮዱን በስልካችሁ ስካን አደረጋችሁ። ሰዓት ሲያልቅ ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ወጣችሁ።

ብሮውዘሩን ዘጋችሁ እንጂ ከቴሌግራሙ አልወጣችሁም። ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው መልእክቶቻችሁን ማንበብ፣ በእናንተ ስም ለዘመድ "ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ" ብሎ መጻፍ ይችላል።

ስለ ላብ ደህንነት ሲወራ ቶሎ የሚታሰበን የበር ቁልፍና ጥበቃ ነው። ግን ሌባ ሳይገባም ኮምፒውተር ይቃጠላል፤ በሩ እንደተቆለፈም መረጃ ይወጣል።

ጉዳዩ አሁን ለምን ከበደ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰፍቷል። ስለዚህ ዛሬ የተበላሸ ኮምፒውተር ነገ አንድ ተማሪ የሚፈተንበት ወንበር ሊሆን ይችላል።

⚡ መብራትና መብረቅ

አሶሳና አካባቢው ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ክረምቱ መሃል ነው።

👉 መብራት ሲሄድ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።
👉 ዩፒኤስ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንድታጠፉ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አያሠራም።
👉 መብረቅ ሲበዛ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አደጋው ሳይቀርብ ሶኬቱም የኔትወርክ ገመዱም ይነቀል።
👉 ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ፤ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል።
👉 እሳት ከተነሳ ውሃ በፍጹም! ከተቻለ ብሬከሩ ይውረድ፤ ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነው። እሳቱ ከገፋ ግን ዕቃ ለማዳን አትሞክሩ፣ ውጡ።

💾 ፍላሽ

"ላባችን ኢንተርኔት የለውም፣ ቫይረስ አይገባም" የሚል ትሰማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ ኢንተርኔት በሌላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥም በፍላሽ ይዛመት ነበር።

ፎልደሮቻችሁ ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ካያችሁ አትክፈቱት። ስትጫኑት የሚነሳው ቫይረሱ ነው። ፋይሎቻችሁ ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለምና ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ይታይ።

🔑 አካውንት

✅ በላብ ኮምፒውተር ፓስወርድ "ሴቭ ይሁን?" ሲላችሁ እምቢ በሉ።
✅ ኢንኮግኒቶ ተጠቀሙ፤ ስትጨርሱ ሎግ አውት ብላችሁ ውጡ።
✅ የባንክ አካውንታችሁን እዚያ አትክፈቱ። የምትጽፉትን ፓስወርድ ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ኢንኮግኒቶም ከዚህ አያድንም።
✅ ክፍት የተተወ የሰው አካውንት ካገኛችሁ ሳታነቡ ዝጉለት። ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። "ለቀልድ ነው" ማለት አያድንም።

ላቡን ለምትመሩ ደግሞ፦ ለተማሪ የአድሚን አካውንት አትስጡ፤ ካልሆነ ማንም ያሻውን ይጭናል። አፕዴት አታቋርጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር፤ የተጎዱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

📱 አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጉ። ቴሌግራም ላይ "ሴቲንግስ" ከዚያ "ዲቫይስስ" ግቡ። የማታውቁት ወይም የረሳችሁት ኮምፒውተር ካለ "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" የሚለውን ንኩ፤ ከስልካችሁ በስተቀር ሁሉም ይዘጋል።

ስንት ክፍት አገኛችሁ? ላብ አብሯችሁ ለሚገባ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።