የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ሥራና ዋጋው

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ እንደ እኅት ማኅበሮቹ ሁሉ፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይሠራል። በ1958 ዓ.ም. በቪየና ጉባኤ ከጸደቁት ሰባት መሠረታዊ ደንቦች አንዱም ይኸው ነው፤ በአገልግሎቱ ጥቅም አይፈለግበትም። እንግዲህ ደመወዝ ያልተቆረጠለትን ሰው አስተባባሪው በምን ያዝዘዋል? ሥራውን ለይቶ በመስጠት ነው እንላለን። ቁስል ማሰር የተማረ ወጣት በቀጠሮው መጥቶ፣ ፋሻው ሳይዘጋጅ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራም ሳይነገረው እስከ ቀትር ከተቀመጠ በሚመጣው ሳምንት አይታይም፤ ቢቀርም አንወቅሰውም። ስለዚህ አስተባባሪው ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል፤ አዲሱን ከነባሩ ጋር ያጣምራል፤ እምቢ ማለት የማያውቀውንም ሠራተኛ (ይህ ከሁሉ ይከብዳል) ዕረፍት ያስወስዳል። ዋጋውስ? አምና ደም ሲያይ ይንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ዘንድሮ ሌላውን ሲያስተምር ማየት ነው። ምስጋናውን ግን የሚቀበለው ልጁ ነው።