ከዘመሮ በጀልባ አይወረድም

እንግሊዞች የሚወዱት የዕረፍት ዓይነት አለ። ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ረጅም ጀልባ ተከራይተው፣ በሰው እጅ በተቆፈረ የውኃ ቦይ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ይጓዛሉ። በአብዛኛው ቦይ በሰዓት ከ6.4 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይፈቀድም። ምሳ ሲደርስ ጀልባውን ዳር ላይ አስረው መሸታ ቤት ይገባሉ፤ ማታም ሌላ መሸታ ቤት አለ። ይህን በመንዝ፣ ዘመሮ ላይ ቢያወሩት አድማጭ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውኃው ይመስለኛል። እኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ መሸታ ቤቱ ነው ባይ ነኝ።

የውኃውን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። የቦይ ውኃ የተኛ ውኃ ነው። ተዳፋት ሲገጥመው ባለ በር ደረጃ ይሠራለታል፤ ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ገብቶ ውኃው ሲሞላ ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል። በደቡብ እንግሊዝ ኬን ሂል በተባለው ስፍራ 72 ሜትር ለመውጣት 29 ደረጃ አስፈልጓል፤ አንዱ 2.5 ሜትር ያህል ነው። የመንዝ አምባ ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ውኃው በወንጭትና በአዳባይ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የጀማ ሸለቆ ከ1,500 ሜትር በታች ይዘልቃል። በዚያው ስሌት 600 ደረጃ ሊሠራ ነው። እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ቁልቁለቱ ብቻ 150 ሰዓት ይወስዳል። በቅሎ ትሻላለች።

እነዚያ መሸታ ቤቶች ለሽርሽር አልተሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1761 የተከፈተው የብሪጅዎተር ቦይ የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር አድርሶ ዋጋውን በግማሽ ያህል ሲያወርደው፣ ሌሎችም መቆፈር ጀመሩ። ጀልባውን ከዳር ሆኖ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ፈረሱ መኖና ውኃ፣ ጀልበኛው ምግብና መጠጥ ይሻሉ። ስለዚህ በየማራገፊያውና በየደረጃው ቤት ተከፈተ። ኋላ ባቡር ጭነቱን ወሰደ። ቦዮቹ ሊደፈኑ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ወዳጆቻቸው ማኅበር አቋቁመው ተሟገቱላቸው። የዛሬው ዕረፍተኛ የሚበላው የድንጋይ ከሰል ተክሎት በሄደው ቤት ነው።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው ከባሕር ዳር ጎርጎራ ለአሥርተ ዓመታት የተመላለሰው የጣና መርከብ ነው። መንገዱ ሁለት ቀን ነበር፤ ቁንዝላ ላይ ይታደር ነበር። ነገር ግን መርከቡ የሚቆመው ሰውና ዕቃ ለመጫንና ለማውረድ ነበር፤ ተሳፋሪው በልቶ የሚመለሰው ጭነቱ እስኪያልቅ በነበረችው ጊዜ ነበር።

መንዝ ዝግታ አልጎደላትም፤ እግርና በቅሎ ዛሬም ይሠራሉ። ለማየትም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ጓሳ አለ፤ ሕዝቡ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በሚባለው ነባር የአጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚውሉበት ሜዳ። የኅብረተሰቡ ማረፊያ ግን እንግዳው ስንቁን ይዞ መጥቶ እዚያው የሚያበስልበት ነው። የጎደለው ይህ ነው፦ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሳህን ይዞ የሚጠብቅ ቤት።

የሰው ንፉግነት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ተብሎ ሲገባ በኖረበት አገር፣ ምግብ በመንገድ ዳር የሚሸጥበት ምክንያት ጠባብ ነበር። መንገደኛውም በሶና ቆሎውን በስልቻ ይዞ ይነሣል። መጠጥና ምግብ የሚሸጡ ቤቶች የተሰበሰቡት በርቀት ልክ ሳይሆን ገበያ ባለበት ነው። የገብስ ጠላ ደግሞ ዛሬ ታዞ ዛሬ አይደርስም፤ ጥንስሱ ተጥሎ፣ ድፍድፉ ውሎ አድሮ፣ ጠላው እስኪጠራ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠማቂዋ የምታሰላው ወደ ገበያ ቀን ነው። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋችው ጣሳም የምትታየው ጠላው ሲደርስ ነው።

ከሌላዋ የመንዝ ከተማ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ወደ ዘመሮ በእግር ሊሄድ የሚያስብ ሰው፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የገበያውን ቀን ይጠይቅ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሁሉ፣ ሥጋና ወተት አይጠብቅ፤ ሽሮው ግን ደግ ነው። መንገዱን ለእንግዳ ማልማት የሚሻ ድርጅት ደግሞ ሌላ ማረፊያ ከመገንባቱ በፊት፣ ገበያ በማይውልበት ቀን ለሚጠመቅ አንድ ጋን ጠላና ለሚጋገር እንጀራ ቀብድ ቢከፍል ይቀናዋል። ለእንግሊዙ ጀልበኛ ቤቱን በየቀኑ ክፍት ያደረገለት በየቀኑ የሚያልፈው ጭነት ነበር፤ እዚህ ያንን ክፍተት መጀመሪያ የሚሸፍነው ቀብዱ ነው።