በቤት ውስጥ ሥዕል የሚያሳየው መሣሪያ፤ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ

በውጭ አገር የሚኖር ልጅ የሠርጉን ፊልም ለወላጆቹ በላከ ጊዜ፥ አያት፥ አክስትና ጎረቤት በአንዲት የእጅ ስልክ ላይ ተደራርበው ሲመለከቱ ማየት ዛሬ በየቤቱ የተለመደ ነው። ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ግን ሙሽራዋን ከሚዜዋ ሳይለዩ መርቀው ይነሣሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተ ሰቦች፥ እንዲሁም ዕድሮችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች፥ ሥዕልን በግድግዳ ላይ አስፍቶ የሚያሳየውን ፕሮጀክተር የተባለውን መሣሪያ ለመግዛት ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በመዋጮ የተሰበሰበ ወይም ከወር ደመወዝ የተቈጠበ ነውና፥ ያለ ዕውቀት ቢወጣ ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ስለ አመራረጡ፥ ስለ አተካከሉና ስለ አጠባበቁ ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ ከመሠረቱ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1659 ዓ.ም. በመስታወት ላይ የተሣለን ሥዕል በመብራትና በሌንስ ኀይል ወደ ግድግዳ የሚጥል ፋኖስ ሠርቶ ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾችም በዚያው አቈጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ለሕዝብ በክፍያ አሳዩ። ወደ አገራችን ፊልም የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ የፊልም ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በጨለማ ውስጥ ሰው የሚመስል ጥላ ሲሮጥ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ ያለው መብራት፥ መስታወትና ሌንስ ብቻ ነው፤ በጎም ክፉም የሚሆነው እኛ የምናሳይበት ነገር ነው። በመርካቶ ሲኒማ ራስ ለብዙ ዘመን ተመልካች ሲያስተናግድ ኖረ፤ ቈይቶም ቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ዛሬ ደግሞ የአዳራሹ ሥራ በአንድ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይሸጣል።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ከተደረገ በኋላ የተስፋፋ ገበያ ነው። ሸማ ተራ፥ ቦምብ ተራ፥ ምናለሽ ተራ እየተባለ ዕቃው ሁሉ በየዓይነቱ የሚገኝበት ስለሆነ፥ ፕሮጀክተርም ከትልቁ እስከ ትንሹ አይታጣበትም። ችግሩ የዕቃው መታጣት ሳይሆን በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር ነው።

የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካው ሉመን በሚባል መለኪያ ነው። የሚታመነው ልክ «አንሲ ሉመን» ይባላል፤ ይኸውም ሥዕሉ የሚያርፍበት ሸራ በዘጠኝ ተከፍሎ፥ በየክፍሉ የደረሰው ብርሃን ተለክቶ የሚገኝ ቍጥር ነው። በርካሾቹ ካርቶኖች ላይ ግን እንዲሁ በደፈናው «9,000 ሉመን» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ቍጥር የተጻፈበትን መሣሪያ የሱቁ መብራት ሳይጠፋ አስበርተን ብናይ፥ በግድግዳው ላይ የታየው ሥዕል ከደበዘዘ ጥላ የማይሻል ሆኖ አገኘነው። ባለ ሱቁም ማታ ሲሆን እንደሚያምር ነገረን። እውነቱን ነው፤ በጨለማማ ሻማም ያምራል።

ለመኖሪያ ቤት፥ ማታ መጋረጃ ተዘግቶ፥ ሁለት ሜትር ስፋት ላለው ሥዕል በትክክል የተለካ 500 አንሲ ሉመን ያህል ይበቃል፤ በቀን ብርሃን ለሚሰበሰብ ማኅበር ግን 3,000 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የሥዕሉ ስፋት እጥፍ ሲሆን ቁመቱም እጥፍ ስለሚሆን፥ ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል፤ ሥዕሉም በዚያው ልክ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሰፊ ሥዕል ሁልጊዜ መልካም ሥዕል አይደለም።

ሁለተኛው ማሳሳቻ ስለ ሥዕሉ ጥራት የሚነገረው ነው። «1080 ይቀበላል» ማለት «1080 ያሳያል» ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ትልቁን ሥዕል ተቀብለው ወደ ራሳቸው ትንሽ ልክ ያሳንሱታል። ገዥው ሊጠይቅ የሚገባው የመሣሪያው የራሱ ልክ 1920 በ1080 ነው ወይስ 800 በ480 ነው ብሎ ነው።

ገንዘብ ከመቍጠር በፊት የራስን ፊልም በፍላሽ ይዞ መሄድ ይገባል። በመጀመሪያ ነጭ ገጽ አስበርቶ ጥቁር ነጠብጣብ አለመኖሩን፥ ቀጥሎ ጽሑፍ አውጥቶ አራቱ ማዕዘኖች እንደ መካከሉ ጠርተው መነበባቸውን መመልከት ነው። ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል አሠርቶ የማራገቢያውን ድምፅ ማዳመጥ፥ በመጨረሻም ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። ያገለገለ ከሆነ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ከራሱ ከመሣሪያው ማውጫ ላይ ይነበባል። በአምፖል የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ይቈያል፤ በኤል.ኢ.ዲ. የሚሠራው 20,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚያገለግል ይነገርለታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በሱቅ የተቈጠበች ሩብ ሰዓት በቤት ብዙ ጸጸት ታስከትላለች።

ወደ ቤት ከገባ በኋላ ቦታውን መለካት ይቀድማል። በመሣሪያው መጽሐፍ ላይ ርቀቱ ከሥዕሉ ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር ተጽፎ ይገኛል። ንጽጽሩ 1.5 ቢሆን፥ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ መሣሪያ ሁለት ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው ሥዕል ይሰጣል። መሣሪያው ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ ጎን ከዞረ ወይም ቀና ካለ ሥዕሉ አንዱ ጫፍ ሰፊ፥ ሌላው ጠባብ ይሆናል። ይህን የሚያቃና መቈጣጠሪያ አለ፤ ነገር ግን የሚያቃናው የሥዕሉን ሰፊ ወገን በማሳነስ ስለሆነ ጥራቱን ይቀንሳል፤ ጠረጴዛውን ማስተካከል ይሻላል። ለሸራም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ወፈር ያለ ነጭ አቡጀዲ ተተኵሶ፥ ከላይና ከታች እንጨት ገብቶበት ተወጥሮ ቢሰቀል ያገለግላል። ብርሃን እንዳያሳልፍ ከበስተኋላው ጥቁር ጨርቅ ቢደረብለት ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

አሁን በአገራችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባውን እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፥ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀቱን በሚገባ አያወጣውም። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ «ሃይ አልቲትዩድ» የተባለው ማዘዣ እንዲከፈት በመጽሐፋቸው ያዝዛሉ። ማዘዣው ሲከፈት ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ድምፁም ከፍ ይላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ማዘዣው በሌላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ዙሪያ በየአቅጣጫው ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ መተው፥ በጨርቅ ወይም በፍራሽ ላይም አለማስቀመጥ ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ነገር ግን ኀይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ማግባት ወጪውን ይመልሳል። በአምፖል የሚሠራውን መሣሪያ በማጥፊያው አጥፍቶ ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ሳይነቅሉ መጠበቅ ግድ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋም ወዲያው አለማስነሣት፤ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ነው። አምፖሉ ቢሰበር በውስጡ ሜርኩሪ ስላለ፥ ልጆችን ከክፍሉ አስወጥቶ መስኮት መክፈት ይገባል።

የቤታችን ዕጣንና የቡና ጢስ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለዚህ መሣሪያ ግን ጠላት ነው። ጢሱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ሌንሱንም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ረከቦቱ ከመሣሪያው ይራቅ፤ ማጣሪያው ካለው በወር አንድ ጊዜ ይራገፍ፤ ሌንሱም በነጠላ ጫፍ ሳይሆን ለመነጽር በሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ይወልወል። ሕፃናትም ብርሃን ወደሚወጣበት ሌንስ ፊት ለፊት እንዳይመለከቱ ከሸራው ጎን ማስቀመጥ እንጂ ከመሣሪያው አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም።

በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚፈልገው ቤተ ሰብ ከመግዛት መከራየት ወይም ከዘመድ መዋስ ይበልጣል። በማኅበር ወይም በዕድር የሚገዛ ሲሆን ደግሞ፥ የሁሉ የሆነ ዕቃ የማንም አይሆንምና፥ አንድ ኀላፊ ይመረጥለት። ኀላፊውም የወጣበትን ቀን፥ የሠራበትን ሰዓትና ማጣሪያው የተጠረገበትን ጊዜ በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ ካርቶኑን፥ ደረሰኙንና መጽሐፉንም አብሮ ይጠብቅ። እንዲህ የተያዘ መሣሪያ አምፖሉ 4,000 ሰዓት ቢቈይ፥ በየማታው ሁለት ሰዓት ቢሠራ እንኳ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ባለቤት የሌለው ግን ዓመት ሳይሞላው ምናለሽ ተራ ይወርዳል።