ጥርስዎን ከማስወለቅዎ በፊት

አንባቢ ሆይ! ዕድሜዎ ሃያ ወይም ሃያ ሁለት ነው እንበል። በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፤ ወይም በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በጸሐፊነት ተቀጥረዋል። አንድ ቀን ማለዳ ሲነሡ የመጨረሻው መንጋጋዎ ዙሪያ ድዱ አብጧል፤ አፍዎም እንደ ልብ አልከፈት ብሏል። ወደ ባሮ ድልድይ ሲሄዱ ያገኙት ወዳጅ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «የጥርስ ትል ነው» ብሎ ቅርንፉድ ያዛል፤ ሁለተኛው አስፕሪን በድዱ ላይ እንዲያስቀምጡ ይመክራል፤ ሦስተኛው የእጅ ስልኩን አውጥቶ፣ አራቱም ካልወለቁ የፊት ጥርስ ይጣመማል የሚል አንድ የማያውቁትን ሰው ያሳይዎታል።

ከሦስቱ አንዱም አፍዎን ከፍቶ አላየም።

ይህ ጥርስ የጥበብ ጥርስ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል፤ ስሙንም ያገኘው ሰው በሚበስልበት ዕድሜ ስለሚመጣ ነው። ቁጥሩ እስከ 4 ይደርሳል፤ ጨርሶ የማይበቅልላቸው ሰዎችም አሉ። ቦታ ካገኘ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እንደ ሌላው ያኝካል። ቦታ ካጣ ግን ይጋደማል፣ ወይም ግማሹ በድድ ተሸፍኖ ይቀራል። በድዱ ሥር ምግብ ይሰገሰጋል፣ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ቁስሉም ይመግላል። የጥርስ ትል የሚባል ነገር የለም። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ምክንያቱን አያነሣም፤ በድድ ላይ የተቀመጠ አስፕሪን ደግሞ ሥጋውን ያቃጥላል።

«አራቱንም አስወልቅ» የሚለውም ምክር ያው ነው። የፊት ጥርስን የሚያጣምመው የጥበብ ጥርስ መሆኑን ጥናቶች አላረጋገጡም። በእንግሊዝ አገር በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የጤና መመሪያ፣ ጉዳት ያላመጣ የጥበብ ጥርስ እንዳይወለቅ አሳስቧል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ ነው።

ጋምቤላ ጤነኛ ጥርስ ማውለቅን ከጥንት ታውቀዋለች። በኑዌርና በአኝዋክ ዘንድ የልጆችን የታች የፊት ጥርስ ማውለቅ የኖረ ልማድ ነው፤ ዛሬ በተማሪው ዘንድ እየቀረ ሄዷል። አንዳንዱ ጌጥና የወገን ምልክት ነው ይላል፤ ሌላው መንጋጋ ቢቆለፍ በክፍተቱ ወተት ለማጠጣት ነው ይላል። ይሁን እንጂ ወደ አሜሪካ ተሰደው በነብራስካ ግዛት፣ በሊንከን ከተማ ከኖሩት ኑዌሮችና ዲንካዎች መካከል የወለቀው ጥርሳቸው እንዲተካላቸው ሐኪም የጠየቁ ነበሩ። ደገኛውም አይኩራ! የሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ከድድ የመጣ ነው እየተባለ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ በስለት ሲወጣ ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ልማድን ያስቀጣል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? አፍዎን ለብ ባለ ውኃና ጨው ይጉመጥመጡ፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። ሲመረመሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚወለቀው የትኛው ነው? ለምን? ቢቀርስ ምን ይሆናል? መመርቀዙ ከተመላለሰ ወይም ጥርሱ ከተበላ ማውለቁ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በራጅ መታየቱ ግን ይበጃል፤ የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ነውና። ከባድ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይልክዎታል፤ ለምሳሌ የጥርስ ሐኪሞች ወደሚሠለጥኑበት ወደ ጅማ።

ከወለቀ በኋላ ፋሻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይያዙ። በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጡ፤ ሲጋራም አያጭሱ፤ የረጋው ደም ከቦታው ከተነቀለ አጥንቱ ይጋለጣልና። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ገደማ ከብሶ ሽታ ካመጣ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ከማውለቁ በፊትም ሆነ በኋላ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ፈተናም ሆነ የቢሮ ሥራ አያቆይዎ፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ ያለው እብጠት ጉሮሮ ዘግቶ ይገድላል።

ወዳጅዎ ክፉ አስቦ አልመከረዎትም። ምክሩን በምስጋና ይቀበሉት፤ ጥርስዎን ግን አፍዎን ከፍቶ ላየው ሰው ብቻ ይስጡ። የወለቀ ቋሚ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልም።