ምርምሩ ለሁሉም ይከፈት፤ ሂሳቡንስ ማን ይክፈል?

ኢቦላ ላይቤሪያን ካመሰ በኋላ፣ በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ መጣጥፍ አወጡ። እንደ ጻፉት፣ ቫይረሱ በላይቤሪያ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት ገና በ1982 በአንድ የአውሮፓ ጆርናል ታትሞ ነበር። የተመረመረው ደም የላይቤሪያውያን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለአገሪቱ ሐኪሞች አልደረሰም። ከመሰል ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ 45 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ለአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ግድም ማለት ነው።

ምርምር ለሁሉም ይከፈት የሚለው ክርክር ሥሩ የገንዘቡ አካሄድ ነው። የምርምሩን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው መንግሥት ወይም ለጋሽ ድርጅት ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል ሲሰጥ አይከፈለውም፤ የሙያ አቻዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይገመግሙለታል። አሳታሚው ግን ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በዓመታዊ ክፍያ ይሸጣል። የዘርፉ ግዙፍ ድርጅት ኤልዘቪየር ከገቢው ከ30 በመቶ በላይ ትርፍ ሲያገኝ ቆይቷል። አሳታሚዎች በበኩላቸው አርትዖቱ፣ የግምገማው ቅንብር፣ ማጭበርበርን መለየቱና ጽሑፉን ለዘለቄታው ማኖሩ ወጪ እንዳለው ይከራከራሉ።

አማራጩን የጀመሩት የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። በ1991 ፖል ጊንስፓርግ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ አርካይቭ የተባለውን የጽሑፍ ማከማቻ ከፈተ፤ ተመራማሪዎችም ሥራቸውን ከኅትመት በፊት ለማንም እንዲነበብ ያስቀምጡበት ጀመር። በ2002 የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ ለ«ክፍት ተደራሽነት» መርህ አበጀለት። ከ2008 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚደጉሟቸው ጥናቶች በታተሙ በ12 ወራት ውስጥ ለሕዝብ እንዲከፈቱ ተደነገገ፤ በ2022 ዋይት ሐውስ ያወጣው መመሪያ ደግሞ ይህን የጥበቃ ጊዜ ጨርሶ የሚያስቀር ነው። በአውሮፓም የምርምር ደጋፊ ተቋማት በ2018 «ፕላን ኤስ» በሚል ስም ተባብረው ተመሳሳይ ግዴታ ጣሉ።

ሕግ እስኪሻሻል ያልጠበቁም ነበሩ። አሜሪካዊው አሮን ስዋርትዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኔትወርክ በኩል ከጄስቶር ማከማቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን በማውረዱ በ2011 ተከሰሰ፤ የፍርድ ሂደቱ ሳይጀመር በ2013 በ26 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። በዚያው በ2011 ካዛኪስታናዊቷ አሌክሳንድራ ኤልባክያን የሚከፈልባቸውን ጽሑፎች ያለ ፈቃድ በነጻ የሚያቀርበውን ሳይ-ሀብ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተች። በ2017 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ለኤልዘቪየር 15 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነባት፤ ድረ ገጹ ግን አልተዘጋም።

በሩ ለአንባቢ ሲከፈት ሂሳቡ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ብዙ ጆርናሎች ገቢያቸውን የሚያገኙት ከተመራማሪው በሚቀበሉት የማሳተሚያ ክፍያ ሆነ። ኔቸር የተባለው ጆርናል በ2020 ማብቂያ ላይ ያስታወቀው ዋጋ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ነበር። ከሥር ደግሞ ክፍያውን ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ «አዳኝ» ጆርናሎች ፈሉ። የላቲን አሜሪካ ልምድ አንባቢን ከማስከፈልም ጸሐፊን ከማስከፈልም ይለያል፤ በብራዚል የተጀመረው ሳይኤሎን የመሰሉ መድረኮች በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ስለሚደገፉ ብዙዎቹ ጆርናሎቻቸው ከአንባቢም ከጸሐፊም አይጠይቁም፤ ቢጠይቁም ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ የክርክሩ ተመልካች ብቻ አይደለችም። የአገሪቱ ተቋማት ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው መርሐ ግብር ከዋና አሳታሚዎች ጆርናሎችን በነጻ ያነባሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ስትመደብ ስለቆየችም ብዙ አሳታሚዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ለተመራማሪዎቿ ይተዋሉ። በ2019 ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና የምርምር ዳታ በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዝዛል።

ወደ ዳታው ሲመጣ ክርክሩ ይበልጥ ይከርራል። የሰውን ጂኖም (ሙሉውን የዘረመል መረጃ) ያነበቡ ሳይንቲስቶች በ1996 ቤርሙዳ ላይ ውጤታቸውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለመልቀቅ ተስማምተው ነበር። ጥር 2020 ላይ የኮቪድ ቫይረስ ጂኖም ከቻይናዊው ጃንግ ዮንግዠን ቡድን ወጥቶ ለዓለም ሲለቀቅ፣ ሞደርና በሁለት ቀን ውስጥ የክትባቱን ንድፍ ጨረሰ። የጃንግ ቤተ ሙከራ ግን መረጃው በወጣ ማግስት «ለማስተካከያ» ተብሎ ተዘጋ። ኅዳር 2021 ደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የኮቪድ ዝርያ በግልጽ ስታስታውቅም ምላሹ ፈጣን የበረራ እገዳ ነበር።

ማጋራት ጥቅም ለማን እንደሚያመጣ የጤፍ ታሪክም ይጠይቃል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የያዘው ፓተንት በሆላንድ የተሻረው ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በ2014 ያሳተመው የጤፍ ጂኖም ደግሞ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ክፍት የዘረመል ዳታ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ለብዝኃ ሕይወት ባለቤቶች ድርሻ ይስጡ የሚለው ጥያቄ በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ አንድ ፈንድ ወልዷል። ፈንዱን ያቋቋመው ስምምነት ትላልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠብቃል፤ መዋጮው ግን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው።