በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሥርዓት ስለ ማኖር

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። ስለዚህ የንግድ ቤቱን ሒሳብ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር የሚይዝ ነጋዴ ሊያስብበት ይገባል።

አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ጊዜው ያልፈቀደለት ሰው፣ ያለውን ሥርዓት ሳያጠፋ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከጎኑ ሊጭን ይችላል። ከሊኑክስ ወገን የሆነው ኡቡንቱ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ፒችትሪን የመሰለው የሒሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ፣ አሮጌው ሥርዓት ከኢንተርኔት ተለይቶ ለሒሳቡ ይቀራል፤ ከደንበኛና ከባንክ ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ግን በአዲሱ ይከናወናል።

አሠራሩ በአንድ መጋዘን መካከል ግድግዳ አቁሞ ለሁለት እንደ መክፈል ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከሁለቱ የትኛው እንዲነሣ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይሠሩም።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸማል።

1ኛ/ የሒሳቡ ፋይል ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ቅጂውም በእርግጥ መከፈቱ ይመረመራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

2ኛ/ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደ ሆነ፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከተቀመጠ በኋላ ቁልፉ ይፈታል። ፋስት ስታርትአፕ የተባለውም ይዘጋል፤ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ ዲስኩን ፈጽሞ አይለቅምና።

3ኛ/ በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ የዊንዶውስ ድርሻ ይቀነሳል። ለኡቡንቱ ዝቅተኛው 25 ጊጋባይት ቢሆንም 50 ቢለቀቅለት ይመረጣል።

4ኛ/ ኡቡንቱ 16 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል፤ ኮምፒውተሩም ከፍላሹ ይነሣል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጫኛው፣ አዲሱን ከነባሩ ጎን ለመጫን ወይም ዲስኩን ሁሉ ለመደምሰስ ምርጫ ያቀርባል። ሁለተኛውን በስሕተት የመረጠ ሰው የዓመታት ሒሳቡን ያጠፋል። ስለዚህ ፈቃድ ከመስጠት በፊት በመስኮቱ የቀረበው ዝርዝር ተደግሞ ሊነበብ ይገባል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሰዓቱን ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በአገር ሰዓት፣ ሊኑክስ ግን በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚይዙት፣ በኢትዮጵያ የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተጻፈ ደረሰኝም የትናንቱን ቀን ይይዛል። ሊኑክስ በአገር ሰዓት እንዲሠራ በማዘዝ ይህ ይታረማል።

ቅጂ ያልተያዘለት መዝገብ ባለበት ኮምፒውተር ግን ሥራው ባይጀመር ይሻላል።