ጥላሸቱ ከየት መጣ?

ሞዴል ሎኮሞቲቭ ይዘው የሚመጡ ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «አስረጅልኝ።» ከካርቶኑ የወጣው ባቡር ያብለጨልጫል፤ እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲጎትት የኖረ ማሽን ነው። ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ። የትኛው መስመር ላይ ይሠራ ነበር? በየትኛው ዓመት? ምን ይጎትት ነበር? «ዝም ብለህ አቆሽሸው» ለሚለኝ ሰው ሥራውን አልቀበልም። እድፍ ሁሉ ምክንያት አለው። ዝገት ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ይመርጣል፣ ጥላሸት ነፋሱ የሚወስደውን መንገድ ይከተላል፣ የናፍጣ ጠብታ ደግሞ ከመሙያው ክዳን ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ምክንያቱ ያልታወቀ እድፍ የተቀባበት ሞዴል የተጨማለቀ አሻንጉሊት ነው።

የምሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለሆነ ጠረጴዛዬ ላይ ከሁሉ አብዝቶ የሚቀመጠው የሰዘርን ፓስፊክ ባቡር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኒየን ፓስፊክ ተጠቅልሏል፤ ጥቁር ግራጫ ቦዲውንና ቀይ አፍንጫውን የሚወዱ ሰዎች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። በተለይ «የዋሻ ሞተር» የሚባለውን ኤስ ዲ 40 ቲ-2ን። ይህን ሎኮሞቲቭ ለማወቅ ተራራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሮዝቪል ተነስቶ ሴራ ኔቫዳን የሚያቋርጠው መስመር በዶነር የተራራ ማለፊያ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዋሻ ይበዛበታል፤ አንዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በረዶ እንዳይደፍነው ከላዩ ጣሪያ የተሠራለትም ስፍራ አለ። ብዙ ሎኮሞቲቮች ተቀጣጥለው ዳገቱን ሲወጡ የፊተኞቹ የሚተፉት ትኩስ ጭስ ከዋሻው ጣሪያ ሥር ይከማቻል፤ ለራዲያተሩ አየር ከላይ የሚስበው የኋለኛው ሎኮሞቲቭ ያንኑ ትኩስ አየር ስቦ ይግላል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1980 በሠራው በዋሻ ሞተር ላይ ግን የአየር መሳቢያው ወደ ታች ወርዶ ሰው ከሚራመድበት መተላለፊያ ጋር እኩል ሆነ። እታች ያለው አየር ቀዝቀዝ ይላልና።

በእንፋሎት ዘመን ያው ተራራ ሌላ መልስ አስገኝቶ ነበር። ነጂዎቹ በጭስ እንዳይታፈኑ ክፍላቸው ከጭስ ማውጫው ቀድሞ እፊት እንዲሆን ሎኮሞቲቩ ዞሮ ተሠራ። እሳቱ የሚነደው በከሰል ሳይሆን በዘይት ስለነበር ነዳጁን በቱቦ ወደ ፊት መላክ ተቻለ። ከእነዚያ መካከል ዛሬ የቀረው ቁጥር 4294 ብቻ ነው፤ ሳክራሜንቶ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ግዛት የባቡር ሙዚየም ቆሟል። ምክር ለሚጠይቁኝ ጀማሪዎች ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ሂዱ እላቸዋለሁ። አጠገቡ ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው ጭስ የአንድን ማሽን መልክ እንዴት እንደሚወስን ይገባዋል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የዋሻ ሞተር በ87 እጥፍ ሲያንስ ርዝመቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ቦዲውን ከሻንሲው እለያለሁ፤ መስታወቶቹን እሸፍናለሁ። መጀመሪያ የማስገባው ፀሐይን ነው። ግራጫው ላይ ጥቂት ነጭ ጨምሬ፣ እንደ ውሃ እስኪሆን አቅጥኜ፣ በኤርብረሽ ከላይ ወደ ታች እነፋለሁ። ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ጣሪያውንና ሌላውን አግድም ገጽ ነው፤ ጎኑ ይዘገያል። ቀይ ከሁሉ ፈጥኖ ይለቃል፤ አፍንጫው ወደ ሮዝ ካልተጠጋ ግራጫው ቢደበዝዝ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በቲነር አቅጥኜ በየበሩ ስንጥቅና በየብሎኑ ራስ ዙሪያ አስገባለሁ፤ ጠፈፍ ሲል በጥጥ እጠርገዋለሁ። ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የምጠርገው። ዝናብ ወደ ጎን አይወርድም፤ አንዲት አግድም የተጠረገች መስመር ሥራውን ሁሉ ታጋልጣለች።

ጥላሸቱ ከጭስ ማውጫው ይነሳና በጣሪያው መሐል ለመሐል ይነጠፋል። ጥቁር ቀለምን እንዳለ አልጠቀምም፤ ቡናማ እጨምርበታለሁ። የመሳቢያው ወንፊት ሥራው አየር መሳብ ስለሆነ ከጎረቤቱ ጠቆር ይላል፤ ግንባታውን የማያውቅ ሠሪ ግን ይህን ጥቁረት እንደ ሌሎቹ ሎኮሞቲቮች ከላይ ያደርገዋል። ሎኮሞቲቩ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሩ ፊት አሸዋ ይረጫል፤ ስለዚህ ከአሸዋ ቱቦዎቹ አጠገብ ነጣ ያለ ዱቄት አስቀምጣለሁ። በፍሬኑ አካባቢ ቀላ ያለ የብረት ብናኝ ይኖራል። መንኮራኩሩን ስቀባ ኤሌክትሪክ ሰጥቼ እያሽከረከርኩ ነው፤ ቆሞ ከተቀባ ፍሬኑ የጋረደው ቦታ ንጹሕ ይቀራል። ከዚያ ሐዲድ የሚነካውን ጠርዝ በአልኮል አጸዳለሁ፤ ኤሌክትሪኩ የሚገባው በዚያ ነውና።

ዝገት ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ሥራ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ብርቱካንማ ሆኖ አይዞርም። ዝገቱ ቀለም በተፋቀበት ጠርዝ፣ ውሃ በሚያቁር ጥግ፣ በማያያዣው ብረት ላይ ነው። ብዙዎች ግን ዝገት መቀባት ስለሚያስደስታቸው ሁሉም ቦታ ይቀባሉ፤ ያሳዝነኛል፤ የማሽኑን ታሪክ ያጠፉታል።

የዚህን ሙያ ክብር ያስተማረን ሞንተሬይ ይኖር የነበረው ጆን አለን ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ሞዴሎች እንደ ጌጥ ዕቃ በሚያብለጨልጩበት ዘመን የእሱ ባቡሮች አቧራና ጥላሸት ለብሰው በተራራና በገደል መሐል ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 አረፈ፤ ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ የገነባው ያ ሁሉ ዓለም በእሳት ወደመ። ዛሬ የምንማረው ካነሳቸው ፎቶዎች ነው።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሥራ ከሁሉም ይለያል። አንዲት የአገሬ ልጅ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ ለሠሩት አባቷ ስጦታ የሚሆን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሎኮሞቲቭ እንድሠራላት አዘዘችኝ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአሜሪካው 1,435 ሚሊ ሜትር። 1 ሜትሩ በ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ለሜትር ሐዲድ የሚሸጡት ሞዴሎች በ12 ላይ ይሄዳሉ፤ ቅርብ ነው። ሻንሲውን ከስዊስ ተራራ ባቡር ሞዴል ወስጄ ቦዲውን ከፕላስቲክ ላሜራ እየቆረጥኩ፣ ክፍተቱን በስቱኮ እየሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ ነው።

ገና ፕራይመር ላይ ሳለ ለአባቷ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎን ጎኑን በጣታቸው ነኩት። «ልጄ፣ እዚህ እጀታው ላይ አቧራ እንዳታደርግ። ነጂው ሲወጣም ሲወርድም የሚይዘው ይሄን ነው። ቀለሙ ተበልቶ ብረቱ ይታያል።» ከዚያ ወደ ደረጃው ወረዱ፤ የታችኛው እርከን መሐሉ የሚያበራ፣ ዳርና ዳሩ ግራሶ የያዘ መሆኑን ነገሩኝ። «ጣሪያውስ አባባ?» አልኳቸው። «እሱን እኔም ከላይ ሆኜ ብዙ አላየሁትም» አሉኝ።

ችግሬም እሱ ነው። ሞዴል የሚታየው ከላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። ሰው ባቡርን ፎቶ የሚያነሳው ደግሞ መሬት ላይ ቆሞ ነው። በለገሃር የተነሱ የሠርግና የሽኝት ፎቶዎች በየቤቱ አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያሳዩት ጎኑን ነው። ከፎቅ፣ ከድልድይ ወይም ከኮረብታ ላይ ሆኖ የዚያን ባቡር ጣሪያ ያነሳ ሰው ካለ ያቺ ፎቶ ብትደበዝዝም ብትቀደድም ታስፈልገኛለች። ጭስ ማውጫው በየት በኩል እንደነበረና ጥላሸቱ ወደ የት እንደተኛ እስካይ ድረስ ጣሪያውን አልቀባም።